ወረቀት የማያሳልፍ በር

ግንቦት 28

አባዬ፣

እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ላብ በላብ ሆኜ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ራሱ ሦስተኛ ወረቀት ላይ ነው የምጽፈው። ክንዴ ያረፈበት ሁሉ እየራሰ ቀለሙ ይፈስብኛል። አሁን ከክንዴ ሥር ፎጣ አንጥፌያለሁ።

«ሙቀት ሙቀት ትያለሽ፣ እኛ ጋ ፀሐይ የለም እንዴ?» ብለሃል። አባዬ፣ ይሄ የፀሐይ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ሲሞቅ ጥላ ውስጥ ትገባና ታመልጠዋለህ። ይሄኛው ጥላው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ወበቅ ነው። ጠዋት ያጠብኩት ሸሚዝ ሥራ ውዬ ስመለስ እንደታጠበ ነው። ጨው ዕቃው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ክብሪት ሦስት አራቴ ካልጫርኩት አይነድም። ባለፈው እሑድ ጫማዬን ከአልጋ ሥር ባወጣው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል! አከራዬ አሮጊት ናቸው፤ አይተው ሳቁብኝና «ገና ምኑን አየሽ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ስመጣ እኮ እንዲህ አልነበረም። ጥር ላይ አየሩ ልክ እንደኛው ደረቅ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ይል ነበር። «ይሄን ነው እንዴ ሰዉ የሚያስፈራራኝ?» ብዬ ተዝናንቼ ነበር። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ!

ሥራዬን ጠይቀሃል። የአዲሱን ጤና ጣቢያ በሮች ጨርሻለሁ፤ አሥራ ሁለቱንም ሚያዝያ ላይ ገጠምኳቸው። አንተ እንዳስተማርከኝ በበሩና በመቃኑ መሃል ወረቀት ሰድጄ ሞከርኩ፤ አንዱም ጋ አላለፈም። አለቃዬ ሜትር ከአንገቱ ስለማያወርድ ሠራተኛው ሁሉ «ሜትሮ» ነው የሚለው። ጠርዙን በእጁ ዳሰሰና «ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ። አፌን ሞልቼ «አባቴ» አልኩት።

ከሜትሮ ጋር ያለንን ስምምነት ደግሜ ልንገርህ፣ ስለምትረሳው ሳይሆን መስማት ስለማትፈልገው። በሮቹ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ከሠሩ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ይሰጡኛል። ካልሆነ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ። ስለዚህ በየደብዳቤው «መቼ ነው የምትመጪው?» አትበለኝ። የምትመጣው አንተ ነህ። አንዷ ክፍል ያንተ ናት።

አንድ ነገር ላማክርህ። የጠረጴዛዬ መሳቢያ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልወጣ ብሎ ተወጥሯል። ምን ይሻለኛል?

ሚስማርህ


ሰኔ 14

ሚስማሬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታው ተጨማዶ ነው የመጣው፤ እሱም እንዳንቺ አልቦት መሰለኝ።

ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። እበላለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በቀን ሁለቴ እየመጣች ድስቴን ከፍታ ታያለች፤ ፖሊስ እንኳ እንዲህ አይፈትሽም። ሱቁም ደህና ነው፣ ሥራ አለ።

አሥራ ሁለት በር ለአንድ ሰው ቀላል አይደለም። እሰይ! ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት፣ ለሳሙና ሻጩም ነገርኩት። ለአናጺዎቹ አልነገርኩም፤ ይቀኑብሻል።

የመሳቢያሽን ጎንና ጎን ደረቅ ሳሙና ቀቢው፤ ይንሸራተታል። ጫማሽን ደግሞ ውስጡ ጋዜጣ ጨምረሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ወለል ላይ ከተውሽው ነሐሴ ሲገባ እንጉዳይ ያበቅላል።

ስለ ቤቱ ያልሽው ይቅርብኝ። እኔ ለወበቅ የምሆን ሰው አይደለሁም። አንቺም ካስመረረሽ ማንም አይስቅብሽም። የድሮ መላጊያሽን ዘይት ቀብቼ በቦታው ሰቅዬዋለሁ። የሥራ ጠረጴዛሽንም ማንም አልነካውም።

አባትሽ


ሐምሌ 9

አባዬ፣

ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩህ። «ታማ ይሆን?» ብለህ በአውቶቡስ ሾፌሩ በኩል ማስጠየቅህን ሰምቻለሁ። አልታመምኩም። አፍሬ ነው።

በሮቹ አብጠዋል።

መጀመሪያ የካርድ ክፍሉ ነበር። የጤና ጣቢያው ዋና ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት፣ አንድ ጠዋት መጥታ «በርሽ ዛሬ አኩርፏል፣ ነይና አባብዪው» አለችኝ። ሄጄ በትከሻዬ ገፋሁት፤ ተከፈተ። ሳሙና ቀባሁት። በሳምንቱ አምስት ሆኑ። ከዚያ የጤና ጣቢያው ኃላፊ መጸዳጃ ቤት ገብተው በሩ ነክሶ ያዛቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲደበድቡ ሰው «የውሃ ቧንቧ እየጠገኑ ነው» ብሎ ያልፋል። ሲወጡ ሸሚዛቸው ከላያቸው ላይ ይጨመቃል። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያለፈው ማክሰኞ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። መጀመሪያ ይሄን ልንገርህ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። የማዋለጃው በር ነው። አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች። አዋላጇ ውስጥ ናት፣ ሴትየዋ ደጅ ናት፣ በሩ መሃላቸው ቆሟል። ጠርተውኝ እየሮጥኩ ስደርስ በሩ በፋስ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። የኔ በር፣ አባዬ። ማጠፊያው ብቻ መቃኑ ላይ ቀርቷል።

አግዳሚው ላይ የሴትየዋ እናት ተቀምጠዋል። በእጄ ላይ ያለውን መሮ አዩና «በሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ተሰበረው በር መለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜትሮ አልጮኸብኝም። «ሁሉንም እንደገና ሥሪያቸው። የሚቀጥለው ሐምሌ፣ ወበቁ ተመልሶ ሲመጣ፣ እኔው ራሴ እየዞርኩ እከፍታቸዋለሁ። ከተከፈቱ ትቀጥያለሽ፤ ካልተከፈቱ በሰላም እንለያያለን» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ቀን ያባርረኝ ነበር።

ምን አጠፋሁ? እንጨቱ ደረቅ ነበር። ልኩን ጠብቄያለሁ። ካልከኝ ነገር አንዱንም አልዘለልኩም። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳስበው ስህተቴን አጣሁት።

ደግሞስ፣ ነሐሴ ሲገባ እንጉዳይ እንደሚያበቅል አንተ በምን አወቅክ?

ሚስማርህ


ሐምሌ 25

ልጄ፣

ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከእናትሽ ጋር በተጋባን በዓመቱ እንዳንቺው ያለ ወበቅ አገር ሄጄ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ነግሬሽ አላውቅም። እኔም በደረቁ ወር ወረቀት የማያሳልፍ በር እየገጠምኩ ስኩራራ ከረምኩ። እኔም በሮቼ አበጡ። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብያለሁ። እዚያ አንድ ሽማግሌ አናጺ ነበር፤ ሥራዬን አየና «በር ነው የምትሠራው ወይስ የጠርሙስ ክዳን?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀብኝ። ስቆ ሲጨርስ አስተማረኝ።

በደረቁ ወር በር ስትገጥም በበሩና በመቃኑ መሃል የምታሳልፈው ወረቀት ሳይሆን የእንጨት ስንጥር ነው አለኝ። ውፍረቷን ለክቶ በራሱ እጅ ልጎ ሰጠኝ። የበሩን ራስና እግር፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን ጠርዝ፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ታጠጣዋለህ፤ እንጨት የአየሩን ውሃ የሚጠጣው በዚያ ነው። እኛ ጋ ማን ያየዋል ብለን የምንተወው ጠርዝ! መሃል ያለውን ጣውላ ደግሞ በኮላ አታስረውም፤ ዙሪያውን በተቦረቦረለት ቦይ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይተንፍስ አለኝ።

ይሄን ሁሉ አውቀው ነበር። እናትሽ አንቺን አርግዛ ወበቁ ትንፋሽ ሲያሳጣት ዕቃችንን ጠቅልለን ተመለስን። እዚህ አየሩ ደረቅ ነው፤ አያስፈልግም ብዬ ለማንም አላወራሁም። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ጥፋቴ የሚጀምረው አንቺ ሻንጣ ስታስሪ ነው። የምትሄጂበትን ስትነግሪኝ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ሥራው ይከብዳታል፣ ከከበዳት ትመለሳለች አልኩ። መሳቢያው ተወጠረ ብለሽ ስትጽፊም ወዲያው ገብቶኛል። በዚያን ቀን ብነግርሽ በፋስ የሚሰበር በር ባልኖረ። እኔ ግን ሳሙና ቀቢ አልኩሽ። ሳሙና!

ያቺን ሴት ደጅ ላይ በሩን የያዝኩባት እኔ ነኝ። ልጄን አጠገቤ ላስቀር ብዬ የሰው ልጅ ደጅ ላይ አስቀረሁ። ይሄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ይቅርታ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። እናትሽ በሕይወት እያለች በሷ በኩል ነበር የምልክልሽ። አሁን የምልከው ሰው የለኝም። ይቅር በይኝ።

አባትሽ


ነሐሴ 22

ለአባቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ።

«እንጨቱን ሳታደርቂ ሠርተሽው ነው» ብለው ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡኝ ጥሩ ነበር።

ሜትሮ ፊት አፌን ሞልቼ እርስዎን የጠራሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። እርስዎ በዚያን ጊዜ ቤትዎ ተቀምጠው በሮቹ እስኪያብጡ ይጠብቁ ነበር።

የማዋለጃው መቃን ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። የቀሩትን አሥራ አንድ በሮች እስኪለቁ ድረስ ላግኋቸው፤ አሁን ይከፈታሉ። ምክር አይላኩልኝ። በራሴ እወጣዋለሁ።

ልጅዎ


መስከረም 19

ሚስማሬ፣

የእጅ ጽሑፉ ሌላ ሆነብኝ ብለሽ አትደንግጪ። መነጽሬ ስለተሰበረ እኔ እናገራለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ ትጽፋለች። ቀስ ይበሉ እያለችኝ ነው።

«እርስዎ» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ አንድም ቀን ብለሽኝ አታውቂም። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላሽ ሱቅ ውስጥ የተጣመመ ሚስማር ለቅመሽ በድንጋይ እያቃናሽ «አንተ! ይሄን ለምን ጣልከው?» ያልሽኝ ልጅ ነሽ። ስምሽ የወጣው ያን ቀን ነው። ደብዳቤሽን ሳነበው አለቀስኩ። ይሄን አትጻፊ ብያታለሁ፤ ይኸው እየጻፈችው ነው።

ምክር አይላኩ ብለሻል። እሺ፣ ለኔ ብለሽ አትስሚኝ። ለበሮቹ ብለሽ ስሚኝ። በእርጥቡ ወር እስኪለቅ የተላገ በር በደረቁ ወር ነፋስ ያስገባል። አሁኑኑ መላጊያውን አስቀምጪ። እስከ ኅዳር ጠብቂ፤ እንጨቱ የጠጣውን ይልቀቅ። ከዚያ ስትገጥሚ በስንጥሯ ልክ ግጠሚ። ፖስታው ውስጥ ታገኛታለሽ። ያቺው የሽማግሌው ስንጥር ናት፤ ሠላሳ ዓመት ከኔ አልተለየችም። እንዳትጥያት፣ ሌላ የለኝም።

መልስ ባትጽፊም አልቀየምም። በሮቹን ግን አደራ።

አባትሽ

አሁን የምጽፍልሽ እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። አባትሽ ውሃ ሊቀዱ ወጣ ብለዋል። መነጽሩ ምንም አልሆነም፣ አፍንጫቸው ላይ ነው። እጃቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ከመጋቢት ጀምሮ ነው። መዶሻ ሲይዙ ሚስማሩን ስተው ጣታቸውን እየመቱ ተቸገሩ፤ ሱቁን ከዘጉ አራት ወር አልፏል። የሐምሌውን ደብዳቤ ሲጽፉልሽ አምስት ቀን ነው የፈጀባቸው፤ እኔ ልጻፍልዎ ብላቸው «ይሄንንስ በራሴ እጅ ነው» አሉኝ። ለሷ ብትነግሪ ቤቴ እንዳትደርሺ ብለውኛል። እንግዲህ ነገርኩሽ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የማደርሰውም እኔው ነኝ፤ ምን ያመጣሉ?


ኅዳር 14

አባዬ፣

ይኸው አባዬ ብያለሁ። ከዚህ በላይ አታስለምነኝ።

ስንጥሯ ደርሳኛለች። ከደብዳቤው ሥር የተጻፈውም ደርሶኛል። ልብስ ሰፊዋን አንድ ቃል ብትናገራት አኩርፍሃለሁ፤ ደግሞ ማኩረፍ እንደምችል አይተኸዋል። የሐምሌውን ደብዳቤህን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ፊደሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ያኔ የንዴት መስሎኝ ነበር። አንተ እጅህን ደበቅከኝ፣ እኔም በሮቹን ሦስት ሳምንት ደበቅኩህ። ከማን ተማርኩት እንዳልል አውቀዋለሁ።

አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ አልዋሽህም። ግን ንዴቱ እየቀነሰ ነው፣ ናፍቆትህ ግን አልቀነሰም።

እንዳልከው ሆነ። ጥቅምት ላይ ነፋሱ ዞረ። አንድ ጠዋት ስነቃ አንሶላዬ ደረቅ ነው። አየሩ ቀሎኝ ምን ጎደለኝ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ጨው ራሱን ችሎ ፈሰሰ፣ ክብሪት በአንዴ ያዘ። መንገድ ላይ ሰዉ ሁሉ ዘመድ የመጣለት ይመስል ፊቱ ፈክቷል። አከራዬ ሹራብ ደርበው «በረደ» ይላሉ። እኔ ገና በሸሚዝ ነኝ፤ ግን ደስ አለኝ። እየተፍለቀለቅኩ ጤና ጣቢያው ብደርስ በሮቼ ያፏጫሉ! በዚህና በዚያ ጎናቸው ጣት ይገባል። በንዴት የላግኩትን ሁሉ ነፋስ ገባበት። ሲስተሯ ወገቧን ይዛ «በሙቀት አልከፈትም፣ በብርድ አልዘጋም፤ ይሄ በር ነው ባል?» አለችኝ። ከሐምሌ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም ከዜሮ ጀመርኩ። ስንጥርህን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥያታለሁ። ራስና እግራቸውን ሦስት ሦስት እጅ ቫርኒሽ አጠጣሁ፤ ሠራተኛው «የማይታይ ቦታ ትቀቢያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ጣውላውን ሳላስረው ቦዩ ውስጥ ለቀቅኩት። ሜትሮ ነቅነቅ አደረገና «ላላ እኮ» አለኝ። «ይተንፍስ» አልኩት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እያስተካከለ ሄደ። ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም።

አሁን ለመምጣት ደህና ጊዜ ነው። አየሩ እስከ የካቲት እንዲህ ደስ ይላል፤ ሳይሞቅ ና። እጅህ ሥራ ባይይዝም ቁጭ ብለህ ትነግረኛለህ። አፍህ እንደሆነ ደህና ነው።

ሚስማርህ


ጥር 8

ሚስማሬ፣

ይሄን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አጭር ነው። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ልብስ ሰፊዋን አልተቆጣኋትም። አንድ ቀን ብቻ አኮረፍኳት፤ በነጋታው መጥታ ድስቴን ስትከፍት ታረቅን።

ሳይሞቅ ና ብለሻል። አልመጣም። በዚህ ወር የማንም በር ይከፈታል። የምመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ወበቁ ሲብስ፣ ሜትሮ በሮቹን ሊከፍት በሚዞርበት ሰሞን። ከተከፈቱ እዚያው አብሬሽ እኖራለሁ። ካልተከፈቱ ሻንጣሽን ተሸክሜ አብረን እንመለሳለን። ስትሄጂ ሻንጣሽን አልያዝኩልሽም፤ ደጅ ድረስ እንኳ ወጥቼ አልሸኘሁሽም። ዘወር ብለሽ በሩን ስታዪ በመስኮቱ አይቼሻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናትሽ ትንፋሽ ያጣችበትን አየር እኔ በዚህ ዕድሜዬ እችለው ይሆን? እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ጽፌ አላውቅም።

አባትሽ


ሰኔ 24

አባዬ፣

ጨው ድንጋይ ሆኗል። ወበቁ ገብቷል ማለት ነው።

በግንቦቱ ደብዳቤህ ምን ልያዝ ላልከው፣ ሹራብህን እዚያው ተወው። ሰፋ ያለ ስስ ሸሚዝ፣ ከቻልክ አራት፤ አንዱ ሲደርቅ ሦስቱ እርጥብ ናቸው። አውቶቡስ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥ፣ ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ። እዚህ ስትደርስ ደግሞ እኔን ስማኝ፤ አሁን እኔ ነኝ ነባሩ። ሥራ የምንጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ማንም ሰው አይራመድም፤ ወለል አጥበን ባዶው ላይ እንጋደማለን። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ዝናቡ ይወርዳል፤ ያኔ ሁላችንም ደጅ ወጥተን እንቆማለን፣ ሜትሮ ሳይቀር። በመጀመሪያው ሳምንት ትጠላዋለህ። ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ። እኔ ባለፈው ሰሞን አንድ መንገደኛ «ይሄ ደግሞ አገር ነው?» ሲል ሰምቼ ተቀየምኩት። ራሴን ታዘብኩት!

ስለ እናቴ የጻፍከውን ለሲስተሯ ነገርኳት። «እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አባትሽ ይምጡና እኔው ራሴ እያየሁ እከታተላቸዋለሁ» ብላኛለች። ያኔ ከእናቴ ጋር የኖራችሁበት ክፍል መስኮት ነበረው ወይ ብላም ጠየቀችኝ። እዚያው የግንቦቱ ደብዳቤ ላይ አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ እንደነበረው ነው የጻፍክልኝ። እዚህ የምታድርባት ክፍል ሁለት አላት፤ ፊት ለፊት ስለሆኑ ነፋስ ያመላልሳሉ።

ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት ገና አልሰጡኝም፤ ሐምሌ 20 ላይ ነው የሚለየው። እስከዚያ አከራዬ ከኔ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጥተውሃል። በር አልነበራትም። በትርፍ ጣውላ አሥራ ሦስተኛ በር ሠራሁልህ።

በጤና ጣቢያው ያሉት እስካሁን ይከፈታሉ። ግን ሰኔ ምንም ማለት አይደለም፤ የሚፈትነው ሐምሌ ነው። እኔም እፈራለሁ፣ አባዬ። በየቀኑ ሥራ ስወጣ ማዋለጃው ጋ ጎራ እልና ሰው ሳያየኝ በሩን ነካ አድርጌው እሄዳለሁ።

ቶሎ ና።

ሚስማርህ


ሐምሌ 20

ሚስማሬ፣

ይሄ ደብዳቤ ፖስታ አላስፈለገውም፤ እኔ እየነገርኳቸው አከራይሽ ናቸው የጻፉልኝ። ከሻይ ብርጭቆሽ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት እራትሽን እንኳ ሳትበዪ ነው የተኛሽው። የዛሬውን ቀን ስታስቢ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ወበቁ ከኔ ቀድሞ ነቅቷል፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ከመጣሁ አምስት ቀኔ ነው፣ እንዳልሽው ጠልቼዋለሁ። ትንፋሼ ግን እስካሁን ደህና ነው።

እጄን ታውቂዋለሽ። ብርጭቆ አይዝልኝም፣ የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍልኝም። እስካሁን አንቺ ነበርሽ ጠዋት ጠዋት የክፍሌን በር የምትከፍቺልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንዲህ በረጠበ ጠዋት እምቢ ቢለኝ ልግፋው ብዬ ትከሻዬን አዘጋጅቼ ተጠጋሁ። በአንድ ጣቴ ነካ ሳደርገው ሄደ። ድምፅ አላሰማም፤ አንቺም አልነቃሽም። መቃኑን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። እናትሽን አሰብኳት።

ከዚያ ቀስ እያልኩ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ዘበኛውን የአናጺዋ አባት ነኝ ብለው ወንበር ሊያመጣልኝ ሮጠ። አልፈልግም ብዬ ማዋለጃው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች፤ እናቷ ደግፈዋታል። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ እንጃ። አዋላጇ ሁለት እጇ ሥራ ላይ ነበርና ከውስጥ በክርኗ ገፋ አደረገችው። በሩ ተከፈተ። ሴትየዋ ገባች። ማንም በሩን ልብ ብሎ አላየውም።

ተመልሼ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ አስታማሚ የወላዷ አባት መስዬው «አይዞዎት» አለኝ።

ሜትሮ በሦስት ሰዓት ይመጣል። ይምጣ፣ እየዞረ ይክፈታቸው። እሱ እስኪመጣ ዛሬ ሥራ የለሽም፤ ተረጋግተሽ ቁርስሽን ብዪ።

ቤት ተመልሼ እስካሁን ያልፈታሁትን ሻንጣ ፈትቻለሁ። ጫማዬንም ውስጡ ጋዜጣ ጨምሬ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ነሐሴ እየመጣ ነው።

አባትሽ